ሦስት የእርቅ ወረቀቶች፦ በአንድ የወሎ ቅሬ የታየ የቤት ውስጥ ጥቃት ጉዳይ

መነሻ

ይህ ጉዳይ የተፈጸመው በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ የአንድ ሰዓት ተኩል የመኪና መንገድ በሚርቅ የገጠር ቀበሌ፣ ጦርነቱ ወሎ ከመድረሱ በፊት በነበሩት ዓመታት ነው። ያን ጊዜ በወረዳው የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ ሆኜ እሠራ ነበር። የቢሮአችን መዝገቦች በ2014ቱ ጦርነት ስለጠፉ የምጽፈው ከግል ማስታወሻ ደብተሬ ነው፤ የጎደለውን ደግሞ በጉዳዩ የነበሩትን ሰዎች ጠይቄ ሞልቻለሁ።

የማንንም ስም አልጠቅስም። የባልና የሚስቱን ሃይማኖትም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ እድር፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አብሮ የሚቀብር ነው፤ “ቻይው” የሚለውን ምክርም ሴትዮዋ ከሁለቱም ወገን እኩል ሰምታዋለች። ጽሑፉን ለእሷ አንብቤላት እንዲወጣ ፈቅዳለች። አንድ ቃል ብቻ አስለውጣኛለች፤ እሱን በቦታው እናገራለሁ።

ሰዎቹና ቅሬው

ባልና ሚስቱ ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሦስት ልጆች ወልደዋል፤ ትልቋ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ማሽላና ጤፍ ያርሳሉ። ሁለት በሬ፣ አንዲት ላምና ጥቂት በጎች ነበሯቸው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸው በአማራ ክልል እንደተለመደው የሁለቱንም ስምና ፎቶግራፍ የያዘ ነው።

ባልየው በመንደሩ የተወደደ ሰው ነው። ይህን ሳልሸፍን መናገር አለብኝ፤ የጉዳዩ ግማሽ ክብደት እዚህ ላይ ነው ያለው። ሰው ሲሞት መቃብር ለመቆፈር ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነበር። የአቅመ ደካሞችን ማሳ ያርሳል። ለሽማግሌ ከመቀመጫው ይነሳል። የቅሬው ገንዘብ ያዥ ሆኖ አራት ዓመት ሲሠራ አንድ ብር አልጎደለበትም። ስለ እሱ የጠየቅኳቸው ሰዎች “እሱ እንዲህ አያደርግም” ሲሉኝ አልዋሹኝም፤ የሚያውቁትን ነው የነገሩኝ። የሚያውቁት ግን ከበሩ ውጪ ያለውን ሰው ነው። በሩ ሲዘጋ የሚሆነውን የምታውቀው እሷ ናት፤ ልጆቿ ናቸው፤ ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት ናት።

ቅሬን ለማያውቅ አንባቢ፦ ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሥልጣኑ ግን ከቀብር ያልፋል። የጠፋ ከብት ያፈላልጋል፣ የድንበር ጠብ ያያል፣ ያስታርቃል፣ ይቀጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት የሚያጭረው ጎረቤት ያጣል፤ ቤቱ ሐዘን ቢገባ ቀባሪ የለውም። በገጠር ፖሊስን የማይፈራ ወንድ ቅሬን ይፈራል።

ከጉዳዩ በፊት የተደረጉ እርቆች

ሴትዮዋ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ወደ እናቷ ቤት ሸሽታ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ሽማግሌ ተልኮባት፣ ተለምና ተመለሰች። ሦስቱንም ጊዜ ወረቀት ተጽፏል። ባልየው ዳግም እጁን ላያነሳ ይምላል። ቢያነሳ ለሚስቱ ሦስት ሺህ ብር ሊከፍል ይስማማል። ሦስት ሰዎች ዋስ ሆነው ይፈርማሉ፤ በሦስቱም ወረቀት ላይ ያሉት ዋሶች አንድ ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ የቅሬው ዳኛ ናቸው። በሦስተኛው ወረቀት ላይ እሷም “ባሏን ላታስቀይም” ቃል እንድትገባ ተደርጎ አሻራዋን አኑራለች።

ወረቀቶቹ በዳኛው ቤት፣ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ በሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያነበባቸው ሰው አልነበረም። ሦስት ሺህ ብሩንም የጠየቀ የለም።

የመጨረሻው ጥቃትና የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት

ከሦስተኛው እርቅ አሥር ሳምንት በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ማታ፣ የበግ ሽያጭ ገንዘብ ምክንያት ሆነና ደበደባት። በመዳፉ ግራ ጆሮዋን ደጋግሞ መታት፤ ስትወድቅ ረገጣት። አርብ ጠዋት ሕፃኗን አዝላ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሯ ተጉዛ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰች። ተረኛው ፖሊስ ቃሏን አልመዘገበም። “ሽማግሌ አላችሁ፣ ቅሬ አላችሁ፤ የባልና የሚስት ነገር ነው፤ መጀመሪያ እነሱ ይዩት” ብሎ መለሳት። ቅዳሜንና እሁድን እናቷ ቤት አሳለፈች። እሁድ ማታ ታላቅ ወንድሟ “ነገ እኔ ራሴ ወስጄ አስታርቅሻለሁ፤ ትዳርሽን አታፍርሺ” አላት። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ ወንድሟ ሳይነሳ፣ ወጥታ ወደ ቢሮአችን መጣች።

ሰኞ ጠዋት የሆነውን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ እዚያ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝና።

ሻሿን ጆሮዋ ድረስ ጠምጥማ ከጠረጴዛዬ ማዶ ተቀመጠች። ስጠይቃት ዘግይታ ትመልሳለች። አንዳንዴ የጠየቅኳትን ትታ ሌላ ነገር ትናገራለች። “መቼ ነው የሆነው?” ስላት “በጉን ሸጠን” ትለኛለች። ታሪኩን ከመሃል ጀምራ ወደኋላ ትሄዳለች፤ ከዚያ ትቆማለች። ከሁሉም በላይ እኔ ስናገር ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። በማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ቃሏ አይያያዝም። ዓይኔን አታይም። ከመቀጠሌ በፊት ላጣራ።” ያ ገጽ ዛሬም አለኝ።

ጉዳዩን ያተረፈው የእኔ አስተዋይነት አልነበረም። በቢሮአችን “ተደበደብኩ” ብላ የመጣችን ሴት ሳናጣራ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ የመላክ ልማድ ነበረን። አጣርቼ ብሆን ኖሮ የምልካት፣ አልልካትም ነበር።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለቻት አንዲት ወጣት ጤና መኮንን ናት። ካርድ እየሞላች ከግራ በኩል ስሟን ጠራቻት። ሴትዮዋ ዝም አለች። ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመች። አሁንም ዝም። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞራ በሹክሹክታ ስትጠራት “አቤት” አለች። ጤና መኮንኗ ጆሮዋን በመመርመሪያው መብራት አየችና ወደ እኔ ወጣች። “እህቴ፣ ይህች ሴት እኮ አትሰማሽም። የግራ ጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል” አለችኝ።

ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞር የነበረው ቀኝ ጆሮዋን ወደ እኔ ለማቅረብ ነበር። ዘግይታ የምትመልሰው የሰማችውን አገጣጥማ፣ ገምታ ነው። ያልጠየቅኳትን የምትመልሰው ያልጠየቅኳትን ስለሰማች ነው። ታሪኩ የተቆራረጠው ጭንቅላቷን የተመታችና አራት ሌሊት ያልተኛች ሴት ስለሆነች ነው። ትዋሻለች ብዬ የጠረጠርኩበት ምልክት ሁሉ የድብደባው ቁስል ነበር። ለአርቡ ተረኛ ፖሊስም ምን ሆና እንደታየችው አሁን መገመት አያቅተኝም።

ማስረጃውና ክሱ

ጤና ጣቢያው የታየውን ጉዳት መዝግቦ ወረቀት ሰጠን። የመስማት አቅሟን ለመለካት ግን ደሴ ወደሚገኝ ሆስፒታል፣ ወደ አንገት በላይ ሐኪም መሄድ ነበረባት። የመኪናውንና የምርመራውን ገንዘብ ያዋጡት አብረዋት ቡና የሚጠጡ ሴቶች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ፍርድ ቤት ቆማ ለመመስከር የደፈረች አንዲት ብቻ ናት፤ ገንዘብ ያላዋጣች ግን የለችም። ይህንን የምጽፈው ምስክር ሆኖ መቅረብን ብቻ ድጋፍ አድርገን የምናይ ሰዎች ስላለን ነው።

ሐኪሙ የተቀደደ ታምቡር ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ እንደሚድን፣ ስለዚህ የመጨረሻውን ውጤት ከሦስት ወር በኋላ እንደሚጽፍ ነገረን። በሦስተኛው ወር፣ ጭጋጉ የጦሳን ተራራ ሸፍኖት በነበረ አንድ ጠዋት፣ ተመልሰን ሄድን። ታምቡሩ አልዳነም፤ ጆሮው አብዛኛውን የመስማት አቅሙን አጥቷል። ወረቀቱም ይህንኑ አለ።

ይህ ውጤት ክሱን ለወጠው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደ ማንኛውም የአካል ጉዳት ወንጀል እንደሚያስጠይቅ ይደነግጋል። ዐቃቤ ሕጉ መጀመሪያ ያሰበው በአንቀጽ 556 ሊከስ ነበር። ይህ አንቀጽ በመደበኛው ሁኔታ በግል አቤቱታ የሚታይ፣ ቅጣቱም እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ የሆነ ነው። የመስማት አቅሟ መጥፋቱ ሲረጋገጥ ክሱ ወደ አንቀጽ 555፣ ወደ ከባድ የአካል ጉዳት፣ ከፍ አለ። በዚህኛው ቅጣቱ ከአንድ ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ወይም እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው።

የቅጣቱ ልዩነት ትልቅ ነው። ለእሷ ግን ሌላው ልዩነት ይበልጥ ነበር። በግል አቤቱታ የሚታይ ጉዳይ በእሷ እጅ ያለ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ዘመድ ሁሉ “ተይው፣ አንሺው” እያለ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። አቤቱታው በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ደግሞ መብቱ ይቀራል። “ጊዜ ይፈታዋል፣ ትንሽ ታገሺ” የሚለው የሽማግሌ ምክር ስንት ሴት ይህን ጊዜ እንዳሳለፈባት አይቻለሁ። በአንቀጽ 555 ሲሆን ግን ከሳሹ መንግሥት ነው። አጎቷ ሊለምኗት ሲመጡ “በእኔ እጅ አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግን ጠይቁት” ማለት ቻለች። ያን ዓረፍተ ነገር ስትናገረው ቤቷ ነበርኩ። ትከሻዋ ላይ የነበረ ሸክም ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወረቀቶቹን ማንበብ

ባልየው በተያዘ በአምስተኛው ቀን በዋስ ተለቀቀ። አገራችን ጥቃት ፈጻሚው ወደ ተጠቂዋ እንዳይቀርብ የሚያዝ የጥበቃ ትእዛዝ የሚሰጥበት፣ ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ የላትም። ከፖሊስ ጣቢያ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር በምትርቅ መንደር ውስጥ ያለች ሴት እንዴት ትጠበቅ? መልሱ ቅሬው ውስጥ ነበር። ቅሬው ግን ሦስት ጊዜ አስታርቆ የመለሳት ራሱ ነው።

ወደ ቅሬው ዳኛ ሄድኩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዓይናቸው የደከመ አባት ናቸው። ወረቀቶቹን ስጠይቃቸው አልፈቀዱም። “የእርቅ ወረቀት ለክስ አይወጣም። ነገ ማን አምኖን ለእርቅ ይቀመጣል?” አሉኝ። ይህን እንደ ግትርነት አላየሁትም። ወሎ ውስጥ እርቅ ስንት ደም አድርቋል፤ እሳቸውም ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚሁ ነው። “እሺ ጋሼ፤ የክሱን ነገር እንተወው። ላንብብልዎት ብቻ” አልኳቸው። ሳጥኑን አስመጡ። ቡና እየተፈላ ነበር። በቀናቸው ቅደም ተከተል አነበብኩላቸው።

የመጀመሪያው “በባልና ሚስቱ መካከል አለመግባባት በመፈጠሩ” ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው “ባልና ሚስቱ በመጋጨታቸው” ይላል። ሦስተኛው “ሁለቱ ተጋጭተው በመካከሉ እጁ ስላረፈባት” ይላል።

“መታት የሚል የለበትም?” አሉኝ።

“የለበትም ጋሼ።”

“መምታቱን አውቀን እኮ ነው የተቀመጥነው።”

ዝም አልኩ። ቀኖቹን ጠየቁኝ። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው አሥራ አራት ወር፤ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ሰባት ወር፤ ከሦስተኛው እስከዚያ ሐሙስ አሥር ሳምንት። “እያጠረ ነው የመጣው” አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። ቆይተው “ዋሱስ?” አሉ።

“ዋሱ እርስዎ ነዎት ጋሼ።”

ቶናው ቀርቦላቸው ሳይጠጡት ቀዘቀዘ። ዋስ መሆን በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስሙን አስይዞ ያልተገኘ ሰው ሸንጎ ላይ ቀና ብሎ አይናገርም። በመጨረሻ “ወረቀቶቹን ውሰጃቸው ልጄ” አሉኝ። ተቀብዬ ስነሳ ደግሞ መለሱኝ። “ተይው። እኔ ራሴ ይዣቸው እቀርባለሁ።”

ሴትዮዋ ያስለወጠችኝ ቃል ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ያን ሐሙስ “የተጣሉበት ማታ” ብዬው ነበር። ሳነብላት አስቆመችኝ። “አልተጣላንም። መታኝ” አለች። እኔም ከነዚያ ወረቀቶች ጸሐፊ አልተሻልኩም ነበር። አማርኛችን “ተጋጩ፣ ተጣሉ፣ ተማቱ” እያለ አንዱ ያደረገውን ለሁለት የሚያካፍል ግሥ አያልቅበትም። “እጁ አረፈባት” ስንል ደግሞ ሰውየውን አውጥተን እጁን ብቻ እንከሳለን።

የቅሬው ውሳኔ

በተከታዩ እሁድ ቅሬው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ዳኛው ወረቀቶቹን በጸሐፊው አስነበቡ። ከዚያም ውሳኔ ጠየቁ፦ ፍርድ ቤት እስኪወስን ባልየው ቤቱን ለቆ ሌላ ጎጥ ያለው ወንድሙ ዘንድ ይቀመጥ፤ ውሃ መቅጃም ገበያም ላይ ወደ እሷ አይቅረብ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት እያለ ቅሬው የእርቅ ሽማግሌ አይልክባት፤ ይህን የጣሰ ከቅሬ ይውጣ።

ተቃውሞው ከወንዶች ብቻ አልመጣም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት መምታቱ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 ከመቶ፣ ወንዶች 28 ከመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ግር የሚለው ሰው ካለ የባለጉዳይዋን እናት ይይ። “እኔስ አርባ ዓመት ችዬ የለ?” ብለው ነው ሦስት ጊዜ የመለሷት። የተመታች ሴት መመታትን የምትደግፈው ወድዳው አይደለም፤ አለበለዚያ የራሷ አርባ ዓመት ምን ሊባል ነው?

አንድ ሽማግሌ “ሰው ከአባቱ ቤት እንዴት ይወጣል?” ብለው ሲጠይቁ ከሴቶቹ በኩል አንዲት ባልቴት ሳይነሱ መለሱ። “እሷ አራት ጊዜ ስትወጣ ማን ጠየቀ?” ከዚያ በኋላ ብዙ አልተከራከሩም። ውሳኔው አለፈ፤ የገንዘብ ያዥነቱም ተነሳ።

ባልየው ውሳኔውን ለሰባት ሳምንት ያህል አከበረ። ከዚያ የአጎቱን ልጅ ወደ ጎረቤቷ ምስክር ልኮ አስፈራራት። ዐቃቤ ሕጉ ይህን አዲስ ፍሬ ነገር አቅርቦ ዋስትናው እንደገና እንዲታይ ጠየቀ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ምስክርን ማባበልና ማስፈራራት ዋስትና የሚያስከለክል ምክንያት ነው፤ ፍርድ ቤቱም ዋስትናውን አነሳ። ቅሬው ግን ራሱ ያወጣውን ቅጣት ለመፈጸም አመነታ። መቀጮ አስከፈለው እንጂ አላስወጣውም። አጎቱ ትልቅ ሰው ስለሆኑ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ችሎቱ

ባልየው መጀመሪያ “ከቆጥ ላይ ወድቃ ነው” አለ። የሕክምናው ወረቀት ሲቀርብ “ጆሮዋ ከልጅነቷ የታመመ ነው” አለ። ጎረቤቷ ያን ማታ የሰማችውን ተናገረች። ስለ ጆሮዋ ስትጠየቅም “ስልኳን በግራዋ ይዛ ስታወራ ነው የማውቃት፤ ከዚያ ወዲህ ነው ወደ ቀኟ ያዞረችው” አለች። ማንም ያላሰለጠናት ቃል ነው፤ ዳኛዋ ቀና ብለው ደግመው ጠየቋት። የቅሬው ዳኛም ወረቀቶቹን ይዘው ቀረቡ። ወረቀቶቹ የዚያን ሐሙስ ድርጊት አያስረዱም። ድብደባው የአንድ ቀን ስህተት ነው የሚለውን መከራከሪያ ግን አፈረሱት።

አንድ ነገር አሳፍሮኛል። ተከሳሹ ለቅጣት ማቅለያ ካቀረባቸው ወረቀቶች መካከል በሥርዓተ ጾታ ላይ የሁለት ቀን ሥልጠና መውሰዱን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ነበር። የሰጠነው እኛው ነን። በሥልጠናው ላይ ጥሩ ተናጋሪ ስለነበር እንዲያውም አመስግነነው ነበር።

ጥፋተኛ ተባለ፤ አንድ ዓመት ከአራት ወር ቀላል እስራት ተፈረደበት። እኔ አነሰ አልኩ፤ ዛሬም አነሰ እላለሁ። እሷ ግን ከችሎት ስንወጣ “ዓመቱን አልቆጠርኩትም። ጥፋተኛ ነህ ሲሉት አገሩ ሁሉ ሰማ” አለችኝ።

በተጓዳኝ የፍቺ ክስ መሥርታ ነበር። ፍርድ ቤቱ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ እሷና ልጆቹ በቤቱ እንዲቆዩ በጊዜያዊ ትእዛዝ አዘዘ። ባልየው ግን አንዱን በሬ አስቀድሞ ሸጦት ነበር፤ መሬቱንም ለሦስት ዓመት ሊያከራይ ተዋዋይ አግኝቶ ነበር። የኪራይ ውሉ የቆመው የይዞታ ደብተሩ ላይ የእሷም ፎቶግራፍ ስላለና ያለ ፈቃዷ እንዳይመዘገብ በመጀመሪያው ሳምንት ማመልከቻ ስላስገባን ነው። ለበሬው ያስገባነው ማመልከቻ አልነበረም።

ያልተሳካው

የአሥር ዓመቷ ልጅ በምስክርነት ተቆጥራ ነበር። ችሎት ገብታ አባቷን በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ስታየው አፏ ተዘጋ። “ውሃ” ብቻ አለች። ዳኛዋ ወዲያው አሰናበቷት። ያለ እሷ በቂ ማስረጃ ነበረን። እንዳትጠራ ዐቃቤ ሕጉን መለመን ነበረብኝ፤ አልለመንኩም። ለብዙ ወራት ትምህርት ቤት ውስጥ ከሰው ጋር አትነጋገርም ነበር።

ሴትዮዋ ከነገረችኝ ነገሮች አንዱ በክሱ ውስጥ የለም። ከድብደባው በኋላ በነበሩ ሌሊቶች ያለ ፈቃዷ የተደረገ ነገር ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲደነግግ “ከጋብቻ ውጪ” ይላል። ስለዚህ ዐቃቤ ሕጉ ሰምቶ ብዕሩን አስቀመጠ። “ታዲያ ለምን ጠየቃችሁኝ?” ስትለን መልስ አልነበረንም። ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ይህን ጥያቄ ለሴት ከማቅረባችን በፊት መልሱ ወዴት እንደሚሄድ ልንነግራት ይገባል።

ወንድሟ እስከ መጨረሻው አልተመለሰም። ዛሬም እሷ ባለችበት ሰርግ አይገባም።

ለሌላ ቦታ የሚሆኑ ነገሮች

ማመን ስሜት አይደለም፤ የሥራ ቅደም ተከተል ነው። እኔ በዚያ ሰኞ አላመንኳትም፤ ልማዳችን ግን አመናት። ስለዚህ ለባልደረቦቼ የምለው “ልባችሁ ይመናት” አይደለም። ቃሏን በመጣችበት ሰዓት መዝግቡ፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ላኩ፤ ማጣራቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ለተከሳሹ መብትም ቢሆን ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ በትኩሱ የተያዘ ማስረጃ ንጹሑንም ያወጣል።

ጆሮ ይታይ። ጥፊ ቀላል ነገር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሰንበሩ በሳምንት ይጠፋል፤ የታምቡር ጉዳት ግን ሰው ካላየው አይታይም። የመጀመሪያው የሕክምና ወረቀት የመጨረሻ ተደርጎ ስለሚወሰድ ስንት ከባድ ጉዳት በቀላል አንቀጽ እንዳለፈ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

የእርቅ ወረቀት ካለ ፈልጉት። ሽማግሌዎችን እንደ ጠላት ይዞ መሄድ አያስፈልግም፤ የፈረሙትን ማንበብ ይበቃል። እርቅ ሲጻፍም ማን ምን እንዳደረገ ይጻፍ፤ “መታ” ከሆነ “መታ” ይባል። ደብዳቢና ተደብዳቢ እኩል ቃል የሚገቡበት ወረቀት ላይ አሻራዋን አታስነኳት።

የንብረቱ ነገር ከወንጀሉ ጋር በአንድ ቀን ይጀመር። መሬቱ ከነምርቱ፣ ከብቱም አንድ በአንድ ይመዝገብ። ተበዳይዋ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ብዙ ጊዜ ስለምትበላው አጥታ እንጂ አምናው አይደለም።

ከእስር በኋላ

ባልየው ሲፈታ ወደ ቅሬው ለመመለስ ጠየቀ። ዋርካው ሥር ቆሞ “ሸይጣን አሳስቶኝ ነው፤ ይቅር በሉኝ” አለ። ዳኛው “ሸይጣኑን እኛ አናውቀውም። አንተ ያደረግኸውን ተናገር” አሉት። ሁለተኛም “ተጋጭተን” ብሎ ጀመረ፤ አስቆሙት። በሦስተኛው “መታኋት። ጆሮዋን አደነቆርኩት” አለ። ብዙ ሰው አቀርቅሮ ነበር። እሷ በቦታው አልነበረችም፤ እንድትመጣም አልተጠየቀችም። ቅሬው እሱን መመለስ የቅሬው ጉዳይ እንደሆነ፣ ይቅር ማለት አለማለት ደግሞ የእሷ ብቻ እንደሆነ ዳኛው አስቀድመው ተናግረው ነበር። ይህን ማንም አልመከራቸውም። የተመለሰው በአባልነት ብቻ ነው፤ የቅሬውን ገንዘብ ዳግም እንዳይዝ ተወስኗል።

ተለውጧል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሌላ ሚስት እስካሁን አላገባም፤ ከዚያ በላይ መናገር አልችልም። ልጆቹን በወር ሁለት ጊዜ በወንድሙ ቤት ያያል። ቀለብ ይቆርጣል፤ ሁለት ጊዜ አዘግይቷል።

እሷ የመሬቷን ድርሻ ተቀብላ በእኩል ታሳርሳለች፤ ሰኞ ሰኞም ደሴ ቅቤ ታወርዳለች። ትልቋ ልጅ ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ናት። የግራው ጆሮ እንደዚያው ነው። ቤቷ ስንገባ ሁላችንም ሳንነጋገር በቀኟ በኩል እንቀመጣለን።

ከፍርዱ ጥቂት ቀደም ብሎ የቅሬው ዳኛ ሁለት በግ ሸጠው ወደ እሷ ሄደው ነበር። በሦስቱ ወረቀቶች በእያንዳንዱ ለሦስት ሺህ ብር ዋስ ሆነው ነበር፤ ድምሩ ዘጠኝ ሺህ ብር ለሦስት ሰው ሲካፈል የእሳቸው ድርሻ ሦስት ሺህ ብር ይሆናል። ቆጥረው አስረከቧት። የሌሎቹ ሁለት ዋሶች ድርሻ እስካሁን አልተከፈለም።